ደብተሬን መስመር በመስመር ያነበቡልኝ ሐኪም

ማይግሬን ከያዘኝ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ግማሽ ራሴን ሲፈልጠኝ መጋረጃ ዘግቼ እተኛለሁ፣ ማስታገሻ እውጣለሁ፣ በነጋታው እንደምንም ሥራ እገባለሁ። መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም ጠንከር ያለ ማስታገሻ ጽፎ ሸኘኝ። በወር ስንት ቀን እንደምውጥ እንኳ አልጠየቀኝም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

አሁን የሚከታተሉኝ የነርቭ ሐኪም ግን ይለያሉ። በመጀመሪያው ቀጠሮ «አንድ ወር መዝግቢና ነይ» አሉኝ። ያመመኝን ቀን በቀይ፣ ማስታገሻ የወሰድኩበትን በሰማያዊ። ስመለስ ደብተሩን መስመር በመስመር አነበቡት። ቀዩ 12 ቀን፣ ሰማያዊው 17። እስክሪብቷቸው ሰማያዊው ላይ ቆመ።

«ሳያምሽም ትውጫለሽ?»

እውነት ነው። ስብሰባ ካለብኝ እንዳይነሳብኝ ብዬ ቀድሜ እውጣለሁ። እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር በላይ ሲወሰድ ራሱ ራስ ምታት እንደሚያመጣ የሰማሁት ያኔ ነው። ትሪፕታን የሚባለው የማይግሬን ማስታገሻ ከሆነማ በወር 10 ቀንም ይበቃዋል።

ሕመሙን ቀድሞ የሚከላከል፣ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ለመምረጥ እቅዱን አብረን አወጣነው። አስም ስላለብኝ ፕሮፕራኖሎልን ወዲያው ሰረዙት። ልጅ የመውለድ ሐሳብ አለኝ ስላቸው ቶፒራሜትም ቀረ። እንቅልፌ የተቆራረጠ ስለሆነ አሚትሪፕቲሊን መረጥን፤ ማታ ማታ 10 ሚሊግራም፣ ቀስ እያለ የሚጨመር። ማስታገሻ በሳምንት ከ2 ቀን እንዳያልፍ ተስማማን። ግቡንም ደብተሬ ላይ ጻፉልኝ፦ የሕመሙን ቀን በግማሽ መቀነስ። «ጨርሶ ይጠፋል ብዬ አልዋሽሽም» አሉኝ። ይህቺን ቃል በጣም ነው የወደድኳት።

ቅሬታም አለኝ። በመሃል ደውለው የሚጠይቁበት ስልክ የለም። ማስታገሻውን የቀነስኩ ሰሞን ሕመሙ ለአንድ ሳምንት ባሰብኝ። በአዲሱ ክኒን ደግሞ ጠዋት አፌ ይደርቃል፣ እንቅልፉ አይለቀኝም። መድኃኒቱን ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር። መጀመሪያ ላይ ሊብስ እንደሚችል፣ ክኒኑንም ከመኝታ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ መዋጥ እንደሚቻል የሰማሁት ቀጠሮዬ ሲደርስ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ መንገር ያስፈልጋል። ሰው ሳያውቅ ያቋርጣል።

ባለፈው ወር ቀዩ 6፣ ሰማያዊው 5 ሆነ። ሐኪሟ የድሮውንና የአሁኑን ገጽ ጎን ለጎን ይዘው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ የቀጣዩን ቀጠሮ ቀን እዚያው ደብተሬ ጥግ ላይ ጻፉልኝ።