አራት የዊስኪ ፋብሪካ በአንድ ሰፈር፦ ከወንድም ጋሼ ጋር ደብሊን ያሳለፍነው ከሰዓት

ወንድም ጋሼ ለሦስት ቀን ደብሊን መጥተው ነበር። ገና ሻንጣቸውን ሳናስቀምጥ፣ «አንዱን ከሰዓት ለዊስኪ ስጪኝ፣ የቀረውን እንደፈለግሽ አድርጊው» አሉኝ። ሰፈር ለመምረጥ አልተቸገርኩም። ሊበርቲስ ይባላል፣ ከመሀል ከተማው ወደ ምዕራብ ትንሽ ይላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የዊስኪ ፋብሪካ የሞላበት ሰፈር ነበር። ከዚያ አንድ በአንድ ተዘጉ። ከ2015 ወዲህ ደግሞ አራት አዳዲስ ተከፈቱበት፦ ቲሊንግ፣ ፒርስ ላየንስ፣ ሮ ኤንድ ኮ እና ደብሊን ሊበርቲስ። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ይኬዳል፤ አስጎብኚ ድርጅት መቅጠር አያስፈልግም። ዓመቱንም ሰዓቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። አራቱንም በአንድ ከሰዓት እጨርሳለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው፣ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ የሚቀምሰውን መለየት ያቅተዋል። ሁለቱን መርጦ ሙሉ ጉብኝት መያዝ፣ ሌሎቹን በደጃቸው እያዩ ማለፍ ይሻላል። እኛ ቲሊንግንና ፒርስ ላየንስን መረጥን። ለምን እንደሆነ ከታች እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ያወጣሁት ዕቅድ እንዲህ አልነበረም። አራቱንም ጻፍኩና ሂሳብ ሠራሁ። እያንዳንዱ ጉብኝት መጨረሻ ላይ ሦስት ያህል ትንንሽ ቅምሻ አለ። በአራት ሲባዛ አሥራ ሁለት ነው። አየርላንድ ውስጥ መጠጥ ቤት ገብቶ አንድ ዊስኪ ያዘዘ ሰው የሚቀዳለት አብዛኛውን ጊዜ 35.5 ሚሊ ሊትር ነው። ቅምሻው የዚያ ግማሽ ነው ብንል እንኳ አሥራ ሁለቱ ስድስት ሙሉ መለኪያ ይሆናሉ፣ ያውም በአምስት ሰዓት ውስጥ። ወንድም ጋሼ ስልሳ ሊሞላቸው ነው፣ የደም ግፊትም አለባቸው። ሁለቱን ሰረዝኩ።

ቲኬቱም አንድ ጊዜ አበላሽቶብናል። ለሁለቱም ቦታ በአንድ ክፍያ የሚሸጥ ሦስተኛ ወገን ድረ ገጽ አግኝቼ ገዛሁ። የላከልኝ ማረጋገጫ አንደኛውን ለ2 ሰዓት፣ ሁለተኛውን ለ2፡45 ይላል። የመጀመሪያው ጉብኝት ብቻ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። መንገዱስ? ብጽፍላቸው የመለሰልኝ የለም። ገንዘቡ ቀረ። ከዚያ በቀጥታ ከየፋብሪካው ድረ ገጽ ገዛሁ፤ ለአንድ ሰው ለእያንዳንዱ ከ20 እስከ 30 ዩሮ ባለው መሀል ነው የወጣብኝ። በሁለቱ መሀል የሁለት ሰዓት ክፍተት ተውኩ። የከሰዓቱ ምርጥ ክፍል ያ ክፍተት ሆነ።

ጠዋት ወንድም ጋሼ ለባብሰው ሲወጡ የሽቶ ጠርሙሳቸውን አነሱ።

«ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ ሽቶ ይቅር» አልኳቸው።

«ለምን?»

«ዊስኪ መጀመሪያ በአፍንጫ ነው የሚቀመሰው። የእርስዎ ሽቶ ሁሉንም ይሸፍንብናል።»

ትንሽ አሰቡና አስቀመጡት። መኪናዬንም ቤት ተውኩት። እዚህ አገር ለተራ አሽከርካሪ የተፈቀደው በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 50 ሚሊ ግራም አልኮል ነው፤ ይህን እያሰሉ መቅመስ ደግሞ ምንም ደስታ የለውም። ሾርባና ዳቦ በልተን፣ አንድ አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዘን ወጣን።

ቲሊንግ ኒውማርኬት የሚባል አደባባይ ላይ ነው። በ2015 ሲከፈት ከ125 ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ደብሊን የተከፈተ የመጀመሪያው አዲስ የዊስኪ ፋብሪካ ነበር። ዋልተር ቲሊንግ የሚባል የቲሊንግ ቤተሰብ ቀደምት እዚሁ አካባቢ ማሮቦን ሌን ላይ በ1782 ዊስኪ ማውጣት ጀምሮ ነበር፤ ሥራውን አሁን ወደዚህ የመለሱት ከዚያው ቤተሰብ የሆኑ ጃክና ስቲቨን የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው። ጉብኝቱ የሚሠራ ፋብሪካ መሀል ነው የሚያስገባው። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ገና በሩን ሲያልፉ ሙቀቱና የድፍድፉ ሽታ ይቀበላል፤ የተነከረ ገብስ፣ ትኩስ ዳቦ፣ ከበስተኋላው ደግሞ የሚኮመጥጥ ነገር። እርሾው ሥራውን እየሠራ ያለበት ጋን ላይ ጎንበስ ያለ ሰው ከውስጡ የሚወጣው አየር አፍንጫውን ይቆነጥጠዋል። ወንድም ጋሼ ቆነጠጣቸው፤ ቀና ብለው ሳቁና እንደገና ጎንበስ አሉ።

ከዚያ መጠጡ እየፈላ በእንፋሎት የሚጣራባቸው ሦስቱ የመዳብ ጋኖች አሉ። ጣሊያን የተሠሩ ናቸው፣ በጃክ ቲሊንግ ሦስት ሴት ልጆች ስም አሊሰን፣ ናታሊ እና ሬቤካ ተብለው ተሰይመዋል። ሦስት የሆኑት መጠጡ ሦስት ጊዜ ስለሚጣራ ነው። ይህ የአየርላንድ ብዙዎቹ ዊስኪዎች የሚታወቁበት መንገድ ነው፤ መጠጡን ያለሰልሰዋል። መዳቡ ደግሞ ለውበት ብቻ አይደለም፣ መጥፎ ጠረን ያለውን የድኝ ውህድ ይዞ ያስቀራል።

ቅምሻው ላይ ስሞል ባች የሚሉትን አቀረቡ። 46 በመቶ ነው፤ በሕግ ዝቅተኛው 40 ነው። በርሜል ውስጥ ያሳለፈው የመጨረሻ ጊዜ ቀደም ሲል ሩም በያዘ በርሜል ነው፣ ስለዚህ ካራሜል የሚመስል ጣፋጭ ሽታ አለው። ወንድም ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን ዊስኪ በበረዶ ነው የጠጡት። አሁንም «በረዶ የለም?» ብለው ዙሪያቸውን አዩ። «መጀመሪያ እንዲሁ ይሞክሩት፣ ከዚያ ጥቂት ውሃ ጠብ እናደርጋለን» አልኳቸው። ብርጭቆውን በደረታቸው ልክ ይዘው፣ አፋቸውን ትንሽ ከፍተው እንዲያሸቱ ነገርኳቸው። አፍንጫን ብርጭቆ ውስጥ ከተው በኃይል ቢስቡ የሚመጣው አልኮሉ ብቻ ነው፤ ያቃጥላል። ሁለት ጠብታ ውሃ ጨመርኩላቸው። ጠብታው ወርቃማው መጠጥ ውስጥ እንደ ዘይት ክር እየተጠማዘዘ ወረደ። እንደገና አሸተቱ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ሙዝ» አሉ በመጨረሻ። ትክክል ነበሩ፣ የበሰለ ሙዝ አለው።

ከሦስቱ ቅምሻ ለእኔ የበለጠብኝ ግን ፖት ስቲል የሚሉት ነው። ከብቅልና ካልበቀለ ጥሬ ገብስ ተደባልቆ ይሠራል፤ ቲሊንግ ግማሽ በግማሽ ያደርገዋል። ይህ አሠራር የተስፋፋው በ1785 በብቅል ላይ ግብር ሲጣል ነው። ጥሬው ገብስ ግብር አልነበረበትም። ግብር ለመቀነስ የተደረገ ነገር ዛሬ የአየርላንድ መለያ ሆኗል። አፍ ውስጥ ወፈር ይላል፣ በርበሬ የሚመስል ነገር ምላስ ጫፍ ላይ ይተዋል። እዚህ ሲደርሱ መቸኮል አያስፈልግም። ውሃ ጎንጨት፣ ትንሽ እረፍት፣ እንደገና።

ከቲሊንግ ስንወጣ ገና 2፡20 ነበር። ደብሊን ሊበርቲስ ፋብሪካ በጣም ቅርብ፣ ሚል ስትሪት ላይ ነው፤ ከውጭ አየነው። አራት መቶ ዓመት ያህል የቆየ ሕንፃ ነው፣ ቀድሞ ወፍጮና የቆዳ ፋብሪካ ነበር። ከዚያ በአርዲ ስትሪት በኩል ወጣን። እዚህ መንገድ ላይ ቆም ብዬ ለወንድም ጋሼ የ1875ቱን እሳት ነገርኳቸው። ሰኔ 18 ሌሊት የማሎን የዊስኪ መጋዘን ተቃጠለ። በርሜሎቹ ሲፈነዱ ዊስኪው እየነደደ በመንገዱ እንደ ወንዝ ፈሰሰ። የሰፈሩ ሰው በባርኔጣውም በጫማውም እየቀዳ ጠጣ። አሥራ ሦስት ሰው ሞተ፤ ከአሥራ ሦስቱ አንድም በእሳቱ ወይም በጭሱ የሞተ የለም፣ ሁሉም የሞቱት ጠጥተው ነው። የእሳት አደጋው አዛዥ ፍሰቱን ያስቆመው የፈረስ ፋንድያ አስከምሮ ነው። ወንድም ጋሼ መንገዱን ላይ ታች አዩት። ያን ሌሊት የነደደው ቦታ አሁን መኪና የቆመበት ተራ መንገድ ነው። ይህን ታሪክ ለማወቅ ቲኬት አያስፈልግም፤ እግርና ጊዜ ብቻ ነው።

በሚዝ ስትሪት ወጥተን ቶማስ ስትሪት ስንደርስ የቅዱስ ፓትሪክ ግንብን አሳየኋቸው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የንፋስ ወፍጮ ነው፣ ክንፎቹ የሉም፣ አናቱ ላይ ቆብ የመሰለ ጉልላት ብቻ ቀርቶታል። የጆርጅ ሮ ፋብሪካ አካል ነበር፤ በዘመኑ በአውሮፓ ከትልልቆቹ አንዱ። ከሥሩ አሮጌ የፒር ዛፍ ቆሟል። ሮ ኤንድ ኮ ስሙን ያወጣው ከዚህ ቤተሰብ ነው፤ ራሱ ግን በ2019 የተከፈተው ከጊነስ ቢራ ፋብሪካ ማዶ፣ ጊነስ ድሮ መብራት ያመነጭበት በነበረ ሕንፃ ነው። በደጁ አለፍን። ለሌላ ቀን ይዤዋለሁ፣ ለብቻው አንድ ከሰዓት ይገባዋል።

ወደ 4 ሰዓት ፒርስ ላየንስ ደረስን። ቤተ ክርስቲያን ነበር። የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን፣ ሕንፃው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተሠራ ነው። አገልግሎቱ ካበቃ በኋላ የመብራት ዕቃ መሸጫ ሆኖ ቆይቷል። ፒርስ ላየንስ የሚባሉ የእርሾ ሳይንስ ያጠኑ ሰው ከነባለቤታቸው ገዝተው አደሱትና በ2017 ከፈቱት፤ እሳቸው በ2018 አረፉ። አያታቸው የተቀበሩት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ቀድሞ የፈረሰውን የማማውን ሹል ጫፍ በመስታወት አሠርተውታል። ወደ ውስጥ ሲገቡ መሠዊያው በነበረበት ቦታ ሁለት ትንንሽ የመዳብ ጋኖች ቆመዋል፣ ማይቲ ሞሊና ሊትል ሊዚ ይባላሉ፣ ኬንታኪ የተሠሩ ናቸው። ወንድም ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ። እኔም ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጠጥ መውጣቱ የሚከብደው ሰው ይኖራል፤ እኔ ግን ሕንፃው ከመፍረስ መትረፉንና መቃብሩ በንጽህና መያዙን ሳይ ልቤ ተቀበለው። ከሰዓት በኋላ መሄድን የምመክረው በባለቀለም መስኮቶቹ ምክንያት ነው። ፀሐይ ሲዘቀዝቅ ቀይና ሰማያዊው ወለሉ ላይ ይዘረጋል።

ሁለቱን ቦታ አጣምሬ የመረጥኩበት ምክንያት ይኸው ነው፦ ቲሊንግ ሦስት ጋን፣ ይህ ሁለት ጋን። እዚህ መጠጡ ሁለት ጊዜ ብቻ ይጣራል። ልዩነቱን በመጽሐፍ ማንበብ ሌላ ነው፣ በአንድ ከሰዓት በምላስ ማግኘት ሌላ። የቲሊንጉ ለስላሳና ቀለል ያለ ነበር። ይኸኛው የገብሱን ጣዕም ይዞ ቀርቷል፣ ጠንከር ያለ ነው፣ ጉሮሮ ላይ ቆይቶ ነው የሚሄደው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ የቲሊንጉ ውሃ ውሃ ይለን ነበር። ስለዚህ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

ታዋቂው የአየርላንድ ዊስኪ ጄምሰንስ ለምትሉ፦ ቦው ስትሪት ያለው ቤታቸው ወንዙን ተሻግሮ ስሚዝፊልድ ነው፣ ከጄምስስ ፌርማታ በሉዋስ ባቡር ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ይወረዳል። ዋናው ምርት ግን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሚድልተን ወደሚባል ከተማ ሄዷል። የአየርላንድ፣ የስኮትላንድና የአሜሪካን ጎን ለጎን የሚያስቀምሱበት ጉብኝት አላቸው፤ ለጀማሪ ጥሩ ትምህርት ነው። ድፍድፍ ማሽተት ለሚፈልግ ግን ሊበርቲስ ይሻላል።

መጨረሻ ላይ አስተናጋጇ ብርጭቆዎቹን ልታነሳ ስትመጣ፣ የወንድም ጋሼን እንድትተውልን ለመንኳት። ባዶ ነው፣ ታችው ላይ ትንሽ እርጥበት ብቻ ቀርቷል። አሥር ደቂቃ ያህል አስቀመጥነው፣ አልኮሉ ተነነ። ወንድም ጋሼ አንስተው አሸተቱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከዚያ ለእኔ አቀበሉኝ። ማርና ደረቅ እንጨት ይሸታል፣ ልክ በርሜሉ ውስጥ ጭንቅላቴን ያስገባሁ ያህል።