የቮልስ ፍሬን ፖምፓ በስልክ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቆም በሉ

ባህር ዳርና አካባቢዋ ቮልስ የምትነዱ ሁሉ፣ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳትልኩ። «አዲስ ነው፣ ኦሪጅናል የጀርመን ነው፣ መጋዘን የቆየ ነው» እየተባለ በስልክ የሚሸጥ የፍሬን ፖምፓ አለ። አዲስ አይደለም። አሮጌ ፖምፓ ተጠርጎ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ካርቶን ውስጥ ገብቶ ነው የሚላከው። ለእኔ ደርሶኛል። የስፖኪዮ ወይም የፍሬቻ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ተናድጄ እተወው ነበር። ፍሬን ግን የሰው ነፍስ ነው።

የኔ ቮልስ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1966 ሞዴል ናት፣ ባለ 1300 ሞተር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የሞዴልና የምርት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ዋናው የፍሬን ፖምፓ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ ፍሬን የሚገፋው ማለት ነው፣ ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረ። ፔዳሉ ሲረገጥ ይሰምጣል፤ ደጋግሜ ስረግጠው ደግሞ ይመለሳል። መካኒኬ ፈትቶ አየውና «ውስጡ ተበልቷል፤ ጎሚኒ (ዘይቱን የሚይዘውን የውስጥ ጎማ) ብቻ ብንቀይር ጥቅም የለውም፣ ሙሉውን ፈልግ» አለኝ። ከተማችን ውስጥ የቶዮታ ዕቃ ሞልቷል፤ የቮልስ ግን አጣሁ። አዲስ አበባ የሚሸጥ ሰው አለ ተባልኩና ደወልኩ።

የሻንሲ ቁጥሩን ነገርኩት። የተበላሸውን ፖምፓ ከሁሉም አቅጣጫ አንስቼ ላክሁለት። «ልክ የአንተው ነው፣ አንድ ብቻ ነው የቀረኝ» አለ። የላከልኝ ፎቶ በእርግጥም ትክክለኛውን ዕቃ ያሳያል፤ ቁጥሩ ሳይቀር ይነበባል። ዋጋው የብዙዎቻችንን የወር ደሞዝ ያክላል። «ዛሬ ካልከፈልክ ሌላ ሰው ይወስደዋል» ሲለኝ ብሩን በባንክ አስገባሁ። ዕቃው በአውቶብስ መጣ።

ካርቶኑን ስንከፍት መካኒኬ ፊቱ ተቀየረ። ፖምፓው ጥቁር ቀለም ተለብጧል። የብሎን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ሳይቀር ቀለም ገብቷል። «ከፋብሪካ የወጣ ዕቃ እንዲህ አይቀባም» አለ። በቤንዚን ሲያጥበው ቀለሙ ለቀቀ፤ ከሥሩ ዝገት የበላው ብረት ወጣ። ውስጡን በእጅ ባትሪ አብርተን አየነው። ግድግዳው ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኗል። እንዲህ ያለ ፖምፓ ውስጥ አዲስ ጎሚኒ ቢገባ እንኳ ይቆራረጣል፣ ዘይቱም ማለፉ አይቀርም። ይባስ ብሎ ከቀለሙ ሥር የተገኘው ቁጥር በ211 ይጀምራል።

ቁጥሩ ለምን አስደነገጠኝ መሰላችሁ? የፎልክስዋገን ዕቃዎች ዘጠኝ አኃዝ አላቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የመኪናውን ዓይነት ይናገራሉ። 111 ወይም 113 ከሆነ የቮልስ ነው። 211 የኮምቢ ነው፣ የሚኒባሱ። አራተኛው አኃዝ 6 ሲሆን ዕቃው የፍሬንና የጎማ ክፍል ነው ማለት ነው፤ 1 ሲሆን የሞተር፣ 9 ሲሆን የኤሌክትሪክ። ስለዚህ የላከልኝ አሮጌ ዕቃ ብቻ አይደለም፣ የሌላ መኪና ዕቃ ነው። ፎቶውና ዕቃው አይተዋወቁም።

ደወልኩለት። መጀመሪያ «ችግር የለውም፣ ግጠመው፣ ይሠራል» አለኝ። ቀጥሎ «መካኒክህ አያውቅም» አለ። ከዚያ በኋላ ስልኩ አይነሳም። ብሩ ሄደ ልበል። እኔን ያቃጠለኝ ግን «ግጠመው» ማለቱ ነው። የኔ መኪና ዘመን የነበሩት ቮልሶች የፍሬን መስመራቸው አንድ ነው፤ ለአራቱም ጎማ የሚሄደው ዘይት በአንድ መስመር የተያያዘ ነው። ፋብሪካው ባለሁለት መስመር ፍሬን በብዙዎቹ ሞዴሎች ላይ የጀመረው ለ1968 ሞዴል ነው። በባለአንዱ መስመር ዋናው ፖምፓ ከከዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። የሚቀረው በሽቦ የኋላ ጎማዎችን የሚይዘው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። ከተማችን ደግሞ ሜዳ ስለሆነች የደከመ ፍሬን ቶሎ አይታወቅም። ባጃጁን፣ ብስክሌቱን፣ ከትምህርት ቤት የሚወጣውን ሕፃን እያሰባችሁ ንዱ። ቤዛዊት ኮረብታ ወጥታችሁ ስትወርዱ ፔዳሉ ባዶ ቢሆንስ?

ለመክሰስም ደረሰኝ የለኝም። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ግን ከማን እንደገዛችሁ የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋችኋል። «ደረሰኝ ከፈለግክ ዋጋው ይጨምራል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ሊብሬ ላይ የተጻፈውን ዓመት ብቻ አምናችሁ ደግሞ ዕቃ አትዘዙ። የኋላውን ወንበር አንሱና መሐል ወለሉ ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር አንብቡ። በ116 ከጀመረ የ1966 ሞዴል ነው፣ በ117 ከጀመረ የ1967፣ በ118 ከጀመረ የ1968። ያ ዓመት የፍሬናችሁ መስመር አንድ ይሁን ሁለት ለመገመት ይረዳችኋል። ከዚያ ሻጩን ፎቶ ሳይሆን የቪዲዮ ጥሪ ጠይቁት። ዕቃውን በእጁ ይዞ ያዙረው፣ ቁጥሩን ያሳይ፣ ውስጡን ያብራ። እምቢ ካለ ነገሩ አልቋል። አዲስ አበባ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፤ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዶ በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ ይግዛላችሁ። እኔም በመጨረሻ ያገኘሁት በእህቴ ልጅ በኩል ነው።

እሱ ያመጣልኝ አዲስ የተመረተ ኮፒ ነው። ኮፒ ሲባል አፍንጫችሁን አትንፉ። ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች፤ ሜክሲኮ አገር እስከ 2003 ድረስ ትመረት ነበር። ስለዚህ ዛሬም አዲስ ዕቃ የሚያመርቱላት አሉ። ቀለም ከተቀባ «ኦሪጅናል» ይልቅ ኮፒ መሆኑ ተነግሮኝ የምገዛው አዲስ ዕቃ ይሻለኛል። በእውነት መጋዘን የቆየ ኦሪጅናል ብታገኙ እንኳ ጎሚኒው ይቀየር። ጎማ ሳይነካም ያረጃል፣ ይደርቃል። የፍሬን ዘይቱም አዲስ ይሁን፤ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ሲቆይ ፖምፓውን ከውስጥ ያዝጋል።

በቅርቡ እንዲህ ባለ መንገድ ፖምፓ ገዝታችሁ ያስገጠማችሁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ አስፈትታችሁ ቀለሙን አሳጥቡት፣ ቁጥሩንም አንብቡ። ወደ አዲስ አበባ ልትጓዙ ያሰባችሁ ደግሞ ይህን ሳታደርጉ የአባይን በረሃ እንዳትወርዱ።