በልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ አቤቱታ ለሚጽፉ አንዲት እናት የቀረበ ምስጋና እና ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ታላቅ እህቴን ከማይገባት ዕዳ ያዳኑልንን፣ በፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ክስ፣ መልስና አቤቱታ የሚጽፉ እናት በአደባባይ ለማመስገን፣ እንዲሁም የዋስትና፣ የብድር ወይም የደመወዝ ጉዳይ ያስጨነቀው ሰው ወደ እሳቸው እንዲሄድ ለመጠቆም ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን በይፋ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ ፈቃዳቸውን አክብሬያለሁ። ረጅም ዘመን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው በጡረታ የወጡ ሲሆኑ፣ ዛሬ የሚተዳደሩት የአካባቢው ሰው ራፖር ጸሐፊ በሚለው ሙያ ነው።

ጉዳዩ እንዲህ ነበር። እህቴ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ከዓመታት በፊት የጎረቤታችን ልጅ በሌላ ድርጅት በገንዘብ ያዥነት ሲቀጠር የሰው ዋስ እንዲያቀርብ ተጠየቀ፤ እሷም የደመወዟን ልክ የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቷ አጽፋ ዋስ ሆነችው። በአገራችን ሥራ ያገኘ ወጣት ሁሉ የሚያልፍበት መንገድ ስለሆነ፣ የሚያውቁትን ልጅ እምቢ ማለት እንደ ክፋት የሚቆጠር ነውና፣ በቤታችን ማንም ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። በኋላ ልጁ ሥራውን ጥሎ የገባበት ጠፋ። ቀጣሪው ድርጅት በሒሳብ ምርመራ 380,000 ብር ጉድለት መገኘቱን ጠቅሶ፣ ዋሷ ገንዘቡን በአጭር ጊዜ ካልከፈለች በየወሩ ከደመወዟ ተቆርጦ እንዲላክለት ለመሥሪያ ቤቷ እንደሚጽፍ የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ላከላት።

ቤተሰቡ ተሰብስቦ መከረ፤ ሽማግሌዎቻችንም ጭምር የተስማሙበት ሐሳብ ከድርጅቱ ጋር ከመካሰስ ይልቅ ዕዳውን በየወሩ እየከፋፈለች እንድትጨርስ የጊዜ መለመኛ ማመልከቻ ማስገባት ነበር። ወደ እኚህ እናት የሄድነውም ይህንኑ ማመልከቻ ለማስጻፍ ብቻ ነው። እሳቸው ግን ደብዳቤውን በጽሞና አንብበው ከጨረሱ በኋላ እህቴን ቀና ብለው እያዩ፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ የፈረምሽውን የዋስትና ውል አምጪልኝ፤ ያላየሁትን ዕዳ አምኛለሁ ብዬ አልጽፍልሽም» አሏት። የክፍያ ጊዜ ይሰጠኝ ብሎ የሚጽፍ ሰው ዕዳውን እንዳመነ ሊቆጠርበትና ያ ወረቀት ነገ በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችል አስረዱን። ለማመልከቻው ልንከፍላቸው ያዘጋጀነውን ገንዘብ አልተቀበሉም፤ ውሉ ቅጂው በእጃችን ስላልነበረ ከድርጅቱ በጽሑፍ እንድንጠይቅ፣ የጥያቄያችንንም ቅጂ የተቀባዩን ፊርማና ቀን አስደርገን እንድናስቀር ነግረው ሸኙን። ለእኔ የምስጋናዬ ዋና ምክንያት ይህ ነው፤ የተጠየቁትን በደቂቃዎች ጽፈው ገንዘባቸውን መቀበል ይችሉ ነበርና።

የውሉን ቅጂ አግኝተን በተመለስን ጊዜ በመጀመሪያ የተመለከቱት ሦስት ነገሮችን ነው። አንደኛው ውሉ በጽሑፍ መሆኑንና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ያለበት መሆኑን ሲሆን፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትና በጽሑፍ እንዲሆን በቁጥር 1725 ስለሚያዝዝ፣ በቁጥር 1727 ደግሞ በጽሑፍ የሚደረግ ውል በሁለት ምስክሮች ፊት ካልተረጋገጠ እንደማይጸና ስለሚደነግግ ነው፤ የእህቴ ውል በዚህ በኩል እንከን አልነበረበትም። ሁለተኛው ዋስትናው ተራ ነው ወይስ በአንድነትና በነጠላ የሚያስጠይቅ፣ ማለትም ዋሱ እንደ ዋናው ባለዕዳ በቀጥታ የሚጠየቅበት፣ የሚለው ነው። ተራ ዋስ የሆነ ሰው ባለገንዘቡ አስቀድሞ የዋናውን ባለዕዳ ንብረት እንዲከተል ሊጠይቅ ይችላል፤ ነገር ግን ይህን መከራከሪያ ክሱ እንደቀረበበት ወዲያውኑ ማንሳት ይኖርበታል፤ በአንድነትና በነጠላ የፈረመ ዋስ ግን ይህ በር ተዘግቶበታል። የእህቴ ውል ይህን ሁለተኛውን ቃል በግልጽ ይዟል።

ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አስተካክለው ወረቀቱን እንደገና አነበቡት። ውሉ እህቴ «ሠራተኛው ለሚያደርሰው ማንኛውም ጉድለትና ጉዳት በሙሉ» ኃላፊ እንደምትሆን ይናገራል እንጂ እስከ ስንት ብር ድረስ እንደምትጠየቅ የሚገልጽ አንድም አኃዝ አልነበረበትም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 ዋስ የሆነው ሰው የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። ሕጉ ይህን ያለበት ምክንያት ሲያስቡት ግልጽ ነው፤ ለሌላ ሰው ዕዳ የሚፈርም ሰው ቢበዛ ምን ሊያጣ እንደሚችል አውቆ እንዲገባበት ነው። ማንኛውም፣ ሙሉ በሙሉ፣ ያለ ገደብ የሚሉት ቃላት አስፈሪ ቢመስሉም በሕጉ ዓይን ውሉን ያደከሙት እነሱው ናቸው። በየመሥሪያ ቤቱ ለዓመታት ሲባዛ የኖረ ቅጽ ይህን ያህል ጉድለት ይዞ መዝለቁ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

የእህቴ ባል በበኩሉ፣ «እኔ ሳልስማማ የፈረመችው ስለሆነ ይህንንም ጻፉልን» ብሎ ነበር። ጥያቄው መሠረት የሌለው አልነበረም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ከ500 ብር በላይ ለሆነ የሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት እንዲኖር ይጠይቃል። ሆኖም ያልተስማማው ተጋቢ ግዴታው እንዲፈርስለት መጠየቅ የሚችለው ነገሩን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ውሉ ከተፈረመ ከሁለት ዓመት በላይ አልፎት ስለነበር፣ ይህ መንገድ እንደማያዋጣ በግልጽ ነገሩት። ሰውን ለማስደሰት ብለው የማይሆን ተስፋ አይሰጡም፤ ይህንንም እንደ ትልቅ ሙያ እቆጥረዋለሁ።

ስለ ደመወዙ የሰጡት ምክርም እህቴ ሌሊት እንድትተኛ ያደረጋት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲፈቀድ፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ የሌላ ድርጅት ደብዳቤ ብቻውን የማንንም ደመወዝ አያስቆርጥም። ይልቁንስ መሥሪያ ቤቷ ጠርቶ የስምምነት ቅጽ ቢሰጣት አንብባ፣ ካልገባትም ሳትፈርም ይዛ እንድትመጣ አስጠነቀቋት። እንዳሉትም ደብዳቤው ለመሥሪያ ቤቷ ደርሶ የሰው ኃይል ክፍሉ ጠራት፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሌለ በቀር እንደማትስማማ በጽሑፍ መለሰች፤ ነገሩም በዚያው ቆመ።

ድርጅቱ ልጁን አንደኛ፣ እህቴን ሁለተኛ ተከሳሽ አድርጎ ክስ መሠረተ። መጥሪያው የደረሰን ዕለት ወደ እሳቸው ይዘን ሄድን። አንድ ዘመዳችን ፊርማው የእኔ አይደለም ብላ ትካድ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ እሳቸው ግን እንዲህ ያለውን ቃል በእጃቸው እንደማይጽፉ ተናግረው፣ በሐሰት ከመካድ የሚመጣውን ጣጣም አከሉበት። የጻፉት መልስ ከሁለት ገጽ አይበልጥም። ፊርማዋን አምና፣ ነገር ግን ውሉ የገንዘብ ልክ ስለሌለው ዋስትናው እንደማይጸና፣ ይህ ቢታለፍ እንኳ ጉድለቱ በምን ሰነድ እንደተረጋገጠ ከሳሹ የማስረዳት ሸክም እንዳለበት የሚገልጽ ነው። ለቅሶና እርግማን የበዛበት፣ ቤተሰቧን የምታስተዳድር ምስኪን እናት ነች የሚል ሐተታ አላስገቡበትም፤ እኔ እንኳ ጥቂት እንዲጨምሩ ለምኛቸው ነበር። እህቴ መልሱን ይዛ በቀጠሮዋ ቀረበች፤ ፍርድ ቤቱም የዋስትናው ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ አለመገለጹን ተቀብሎ ከኃላፊነት ነጻ አደረጋት። በልጁ ላይ የቀረበው ክስ ግን ቀጥሏል።

ተራ ስንጠብቅ የሌሎች ሰዎችንም ጉዳይ ሲመለከቱ አይተናል። አንድ ሰው ለወዳጁ ያለ ምንም ወረቀት ያበደረውን ገንዘብ ምስክር ቆጥሮ ሊከስ መጥቶ ነበር። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ወይም ባለዕዳው በፍርድ ቤት በሚሰጠው የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በሰው ምስክር ብቻ እንደማይረጋገጥ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2472 አውጥተው አነበቡለት። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለወዳጅ ለምሳ የሚበደሩት ነው ማለት ይቻላል፤ ቢሆንም ሕጉ አልተለወጠምና ሰውየው የባንክ ማስተላለፊያ ደረሰኝና የስልክ መልእክት ካለው ፈልጎ እንዲመጣ መከሩት።

ለሚሄድ ሰው ጥቂት ነገር አስቀድሜ ልናገር። እኚህ እናት ጠበቃ አይደሉም፤ በችሎት ቆመው አይከራከሩላችሁም፤ ጉዳዩ ከአቅማቸው በላይ ከሆነም ሳያንገራግሩ ወደ ሌላ ይልካሉ። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌላትን አንዲት ሴት እኛ ባለንበት ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል መርተዋታል። በስልክ ምክር አይሰጡም፤ ውሉን ሳያዩ ለሚጠይቃቸው ሰው ቁጡ ናቸው፤ ጠዋት ላይ ተራው ረጅም ስለሆነ ከምሳ በኋላ መሄድ ይሻላል። ክፍያቸው በገጽ ነው፤ ዋጋውን ከመጀመራቸው በፊት ይናገራሉ፤ ከዚያም አያልፉም።

ስትሄዱ የፈረማችሁትን ውል፣ የደረሳችሁን ደብዳቤ ሁሉ ከነፖስታው፣ መጥሪያ ከደረሳችሁ ደግሞ የደረሰበትን ቀን የሚያሳየውን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ተጠርቶ የቀረ ተከሳሽ በሌለበት ሊወሰንበት ስለሚችል መጀመሪያ የሚጠይቁት የቀጠሮውን ቀን ነው። የሚገኙበትን ቦታ ለሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ በደስታ እነግረዋለሁ። ለእሳቸውም እህቴ፣ ባለቤቷና መላው ቤተሰባችን እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን እያልን ከልብ እናመሰግናለን።