ኳንተም ዶት ወይስ የሲሊካ ቅንጣት? ዕጢን በብርሃን ለማየት ለሚገዙ

የካንሰር ዕጢ ያለባቸውን አይጦች በፍሎረሰንስ ካሜራ (ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ የሚያበራ ነገርን በሚያይ ካሜራ) ለመመርመር ኳንተም ዶት (ራሱ የሚያበራ እጅግ ደቃቅ ክሪስታል) ይሻላል ወይስ የሲሊካ ናኖ ቅንጣት (የሚያበራ ቀለም የተሸከመ ደቃቅ የመስታወት መሰል ቅንጣት) የሚለው ጥያቄ ከባልደረቦቼ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ ይኸውም ቀለሙ ከሲሊካው ጋር በኬሚካዊ ትስስር የተያያዘውንና ላዩ ፖሊኢትሊን ግላይኮል በተባለ ፖሊመር የተሸፈነውን።

ኳንተም ዶት በድምቀቱም ሆነ ቶሎ ባለመደብዘዙ ብልጫ እንዳለው አልክድም። ነገር ግን የካድሚየም ሴሊናይድ እምብርቱ በዚንክ ሰልፋይድ ቢሸፈንም፣ ለገበያ የሚቀርበው ከነልባሱ ብዙውን ጊዜ ኩላሊት ከሚያሳልፈው መጠን በላይ ስለሆነ መርዛማውን ካድሚየም ይዞ በጉበትና በጣፊያ ይከማቻል። በአንጻሩ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የኡልሪክ ዊስነር ቡድን የሠራው፣ ስፋቱ ከ6 እስከ 7 ናኖሜትር የሆነው የሲሊካ ቅንጣት ጨረር አመንጪው አዮዲን-124 ተጨምሮበት በኒው ዮርክ ለ5 የሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር ዓይነት) ሕሙማን ተሰጥቶ፣ በዋናነት በኩላሊት በኩል እንደሚወጣ የሚያሳየው ውጤት በ2014 ታትሟል።

ዋጋውን በብልቃጥ ሳይሆን በአንድ አይጥ አስሉት። 8 ማይክሮሞላር (በሊትር 8 ማይክሮሞል) የሆነ 250 ማይክሮሊትር ኳንተም ዶት 2 ናኖሞል ብቻ ነው፤ ለአንድ አይጥ 0.2 ናኖሞል ብትወጉ ለ10 አይጦች ይበቃል፤ ፀረ እንግዳ አካል ስታያይዙበትና ስታጠሩት ግማሹ ከባከነ ግን ለ5 ብቻ ይተርፋችኋል፣ የአንዱ አይጥ ዋጋም እጥፍ ይሆናል። የካድሚየም ቆሻሻ ማስወገጃውንና በማቀዝቀዣ ካልተቀመጠ መበላሸቱን፣ በረዶ ከሆነ ደግሞ መጓጎሉን እያሰባችሁ የምትከፍሉትን የማጓጓዣ ወጪ ጨምሩበት።

የሲሊካው ችግር አስመሳዩ መብዛቱ ነው። ከአንድ ሻጭ በርካሽ ያስመጣነው ብልቃጥ ነጻ ቀለምን አሳልፎ ቅንጣቱን በሚያስቀር የ10 ኪሎዳልተን ማጣሪያ በሴንትሪፊውጅ ሲሽከረከር ከታች የወረደው ፈሳሽ ደማቅ ሰማያዊ ነበር፤ ሳይፋይቭ የተባለው ቀለም በሲሊካው ላይ ተለጥፎ እንጂ ተሳስሮ አልነበረም። እንዲህ ያለው ቀለም በአይጡ ደም ውስጥ አልቡሚን ከተባለው የደም ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለሚዞር፣ ካሜራው የሚያሳያችሁ ቅንጣቱን ሳይሆን የፈሰሰውን ቀለም ነው። ይህን የማጣሪያ ፍተሻ በጨው ባፈር (ፕሮቲን በሌለው የጨው መፍትሔ) ውስጥ አድርጉት፤ በሴረም (ሕዋሶቹና አርጊዎቹ በተለዩበት የደም ፈሳሽ) ውስጥ ከሆነ አልቡሚኑ ቀለሙን ከማጣሪያው በላይ ስለሚያስቀረው ጉድለቱ ይሸሸጋል። ነጻ ቀለሙ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ የክሮማቶግራፊ (ድብልቅን የመለያ ዘዴ) ውጤት ለመላክ ከሚያንገራግር ሻጭ አትግዙ።

ኳንተም ዶትን የምመክረው በቲሹ ቁራጭ ላይ ብዙ ምልክቶችን በአንድ የብርሃን ምንጭ በአንድ ጊዜ ለሚለዩ ብቻ ነው።