ማራኪ ሰፈር ያለው ሥጋ ቤት፦ ለውሻዬ የማምነው ቦታ

ደረቅ የውሻ ምግብ መግዛት ትቻለሁ። ከተከፈተ ከረጢት እየዘገኑ በፌስታል ነበር የሚሸጡልኝ፤ ቀን የለው፣ የፋብሪካ ስም የለው። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ ሜላሚን የሚባል የፕላስቲክ መሥሪያ ኬሚካል የገባበት ምግብ የስንቱን ውሻና ድመት ኩላሊት አበላሸ! ምንጩን የማላውቀውን ለቡቺ አልሰጥም።

አሁን ደንበኛነቴ ማራኪ ያለ ሥጋ ቤት ነው። ልጁ ሳንባና ጉበቱን እያየሁት ሰንጥቆ ያሳየኛል። ውሃ የቋጠረ ነገር ካገኘ፣ «እትዬ፣ ይሄ አይሆንዎትም» ብሎ ለብቻው ያስቀምጠዋል። ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ውሻ ያንን በጥሬው ከበላ ትል ይይዘዋል፤ የትሉ እንቁላል ደግሞ ከውሻው ወደ ልጆቻችን ይተላለፋል። ንጹሑንም ቢሆን በደንብ ቀቅዬ ነው የምሰጠው።

የበቆሎ ዱቄቱን ግን እዚያ አካባቢ አልገዛም፤ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። የሻጋታው መርዝ፣ አፍላቶክሲን፣ በመቀቀል አይጠፋም፣ የውሻን ጉበት ይጎዳል። በቆሎውን ራሴ ለቅሜ አስፈጫለሁ።

ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፤ ያኔ ሩዝና እንቁላል ነው። በፍስኩ ጠዋት ሂዱ፣ ሳንባው ቶሎ ያልቃል።