ለመጀመሪያው የሽያጭ ግብዣ፦ ቡና ብቻ ወይስ ምግብ ማብሰል?

ደሴ ላይ የወጥ ቤት ዕቃ ለመሸጥ ጎረቤት የምትጠራ ሴት ሁለት መንገድ አላት። አንደኛው ቡና አፍልቶ ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ መደርደር ነው። ወጪው ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ጨዋታው ይደምቅና ድስቱ ይረሳል።

ሁለተኛው እንግዶቹ ፊት ማብሰል ነው። በተለይ ፕሬዠር ኩከር (እንፋሎት አፍኖ የሚያበስል ድስት) ለምትሸጥ ያለ ማመንታት ይህን እመክራለሁ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሽምብራና ባቄላ በተራ ድስት የሚያስቸግሩት አንድም ለዚህ ነው። የታፈነው እንፋሎት ግን ሙቀቱን ከ100 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ተዘፍዝፎ ያደረ ሽምብራ አቦል ተጠጥቶ በረካ ሳይቀርብ ሲበስል ያየች እናት ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

ሥጋ ግን ይቅር! የወሎ ጎረቤት ሙስሊምም ክርስቲያንም ነው፣ የሚጾምም አይጠፋም፤ ሽምብራ ሁሉንም በአንድ ገበታ ያስቀምጣል። ረመዳን ከሆነ ግብዣው ከአፍጥር በኋላ ይሁን። መብራት ቢጠፋ የጋዝ ምድጃ ይዘጋጅ፤ እንፋሎቱ ሳይወጣ ክዳኑን ማንም እንዳይነካ።

የሚሸጠው የፕላስቲክ ዕቃና ማንኪያ ብቻ ከሆነ ቡናው ይበቃል።