የአዘዞ ከብት አርቢዎች፣ ይህን ልጅ እወቁልኝ

የእንስሳት ሐኪማችን ስሜን አትጻፊ ብሎኛል፤ ቃሉን አከብራለሁ። ሳላመሰግነው ግን አልቀርም።

በመስቀል ሦስተኛው ቀን ጠዋት ላሜን ላልብ ስቀመጥ ገላዋ እሳት ሆኗል፤ ወተቷ ከወትሮው ግማሽ አልሞላም። ወደ ማታ አንገቷና ጎኗ ላይ አውራ ጣት የሚያህል ጠጣር እባጭ ወጣባት። የቆዳ ጉርብርብ የሚሉት የከብት በሽታ ነው። ሐኪሙ ጋ ደወልኩ፤ ሳይጨልም ደረሰ።

ሙቀቷን ለክቶ፣ እባጮቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። በሽታው በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ ማርከሻ መድኃኒት እንደሌለው፣ የሚወጋት መርፌ ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ብቻ መሆኑን ሳይደብቅ ነገረኝ። አሁን ይሄዳል ስል ደብተር አውጥቶ ተቀመጠ። «እማማ፣ ባለፉት አራት ሳምንታት ሰፈር ውስጥ አዲስ የገባ ከብት አለ? ላሚቱ የት ነው ውኃ የምትጠጣው? ከማን ከብት ጋር?» ከብት ከተያዘ በኋላ ምልክቱ ሳምንታት ሊዘገይ ስለሚችል ነው ወደ ኋላ የሚቆጥረው።

በማግስቱ በእግሩ ቤት ለቤት ዞረ። ደብተሩ ላይ መገጭ ወንዝን በሰማያዊ እስክሪብቶ አሰመረ፤ የታመመ ከብት ያለበትን ቤት በቀይ ነጥብ፣ ከጎኑም እባጩ የታየበትን ቀን። ነጥቦቹ አንድ ውኃ መጠጫ ዙሪያ ተሰበሰቡ። የሚያዛምተው ደም የሚመጥ ዝንብና ትንኝ ነውና ቦታው አያስገርምም። የመጀመሪያዋ በጳጉሜ ከገበያ የተገዛች ጊደር ሆና ተገኘች። ባለቤቷ ጎረቤቴ በሀፍረት አቀረቀሩ። «አባባ፣ ሲገዟት ደህና ነበረች፤ እርስዎ በምን ያውቃሉ?» አላቸው። ይቺን ንግግሩን አልረሳትም።

ከዚያ ገና ያልታመሙትን ከመንገዱ ማዶ ጀምሮ መከተብ ሆነ። ክትባቱ አንዴ ከተበጠበጠ ለነገ አያድርም። ስለዚህ ማታ ማታ በባትሪ ከብት ይቆጥራል፤ ጠዋት ሁሉንም አንድ ሜዳ ላይ አሰባስቦ ይወጋል። ማዶ አንድም ከብት አልታመመም።

በሽታው በአገራችን መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1983 ከጣና በስተደቡብ ምዕራብ፣ ከሐይቃችን ማዶ ነው ሲለኝ ደነገጥኩ። ሴት አያቴ ከእናቷ የሰማችውን የክፉ ቀን ወሬ ስታወጋን፣ ደስታ የሚሉት ሌላ የከብት በሽታ በሬውን ፈጅቶት ሰው በእጁ እየቆፈረ እንደዘራ ትነግረን ነበር። ያን ጊዜ እንዲህ ደብተር ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር ማን ነበራቸው?

የላሜ ቁስል ደርቋል፤ ወተቷም እየተመለሰ ነው። እግዚአብሔር እድሜውን ያርዝምልኝ።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄዋለሁ። ከብታችሁ ላይ እባጭ ካያችሁ ግን ወደ ገበያ ሳትነዱት በፊት ደውሉለት፤ እባጩን ያያችሁበትን ቀንም ጻፉት። መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።